በድንኳን የሚያድሩ ልጆች፦ የስካውት የበጋ ሰፈር የዕለት ኑሮና የደብሩ ቤተሰቦች

(በደብሩ የምሥረታ በዓል ጉባኤ ላይ ለካህናትና ለምእመናን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ልጆቻቸው ስካውት በሆኑ የሜልበርን ኢትዮጵያውያን ቤቶች ኅዳር በገባ ቁጥር ሁለት መልእክት ይደርሳል። አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን ነው፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት እንደሚገባ ያሳስባል። ሁለተኛው ልጁ ይዞት የሚመጣው ቅጽ ነው፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቡድኑ ለበጋ ሰፈር ወደ ጫካ እንደሚወጣ ገልጾ የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል። ልጁ ቅጹን ጠረጴዛ ላይ ያኖራል። እናት ትጠይቃለች፤ «የት ነው የምታድሩት?» «በድንኳን።» «ማን ያበስልላችኋል?» «ራሳችን።» «ጾሙስ? ገናስ?» እዚህ ላይ ልጁ መልስ ያጣል፤ ቤቱም ጸጥ ይላል።

ዝምታው ከጾሙ ብቻ የመጣ አይደለም። በዚህ ከተማ ለሚኖሩ ብዙ ወላጆች «ካምፕ» የሚለው ቃል ሌላ ትዝታ አለው። ወደ አውስትራሊያ የመጡት በሱዳን ወይም በኬንያ በኩል ነው። ኡም ራኩባን የሚያውቅ አለ፤ ካኩማን የሚያውቅ አለ። በሸራ ሥር ዓመታትን ያሳለፈ፣ ውሃ ለመቅዳት ሌሊት ተሰልፎ ያደረ፣ እህል በካርድ የተቀበለ አባት፣ ልጁ ገንዘብ ከፍሎ መሬት ላይ ሊተኛ እንደሆነ ሲሰማ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። «እኔ ከድንኳን የወጣሁት ልጄ ወደ ድንኳን እንዲገባ ነውን?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሚገባ ጥያቄ ነው፤ የዚህ ንግግር ዓላማም ለእርሱ መልስ መፈለግ ነው። መልስ ከመስጠት በፊት ግን ልጆቹ በዚያ ሰፈር እንዴት ውለው እንዴት እንደሚያድሩ ማወቅ ያስፈልጋል።

የስካውት ሰፈር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1907 በእንግሊዝ አገር ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት ነው። ሮበርት ቤደን ፓወል የተባለው የጦር መኮንን ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ አንድ ሳምንት ያህል በድንኳን አሳደረ። ከልጆቹ ገሚሶቹ በታላላቅ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ የባለጸጎች ልጆች፣ ገሚሶቹም የሠራተኛ ልጆች ነበሩ። እነዚህን በአራት ጓድ ከፍሎ ለእያንዳንዱ ጓድ ከመካከላቸው አንድ መሪ ሾመለት። ጠዋት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው መለከት ነፍቶ ነበር። መለከቱም ቀደም ሲል እንግሊዝ በደቡባዊ አፍሪካ ባደረገችው የቅኝ ግዛት ጦርነት ከማታቤሌ ሕዝብ የተወሰደ የአጋዘን ቀንድ ነው። አጀማመሩ እንዲህ ካለው ታሪክ ንጹሕ ባይሆንም፣ የቀኑ ሥርዓት ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ጸሎትን የያዘ ነበር፤ ከቁርስ በፊት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ጸሎት ይደረግ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በ1908 ስካውት ወደ አውስትራሊያ ገባ። ሜልበርንም በዚህ ታሪክ የራሷ ስፍራ አላት። በ1934 መጨረሻና በ1935 መባቻ በፍራንክስተን በተደረገው ታላቅ ጉባኤ ቤደን ፓወል ራሱ በእርጅናው ተገኝቷል። ከጦርነቱ በኋላም በያራ ወንዝ አጠገብ ባለችው በዎንጋ ፓርክ ሁለት ጊዜ፣ በ1948 እና በ1955 መገባደጃ፣ የፓስፊክ አገሮች ስካውቶች ተሰብስበው ሰፍረውባታል። ፓፊንግ ቢሊ የተባለው አሮጌ ባቡር ጉዞውን በሚጨርስባት በጌምብሩክም ጊልዌል ፓርክ የሚባል የስካውቶች መስፈሪያ ይገኛል። በአገር ቤትም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አልነበረም። ከ1966ቱ አብዮት በፊት በአዲስ አበባ የተማሩ አረጋውያን፣ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ያሰሩ የቦይ ስካውት ልጆች በበዓል ቀን ተሰልፈው ሲያልፉ ያስታውሳሉ።

ጠዋት ነው። በቪክቶሪያ ጫካ የበጋ ንጋት ቀድሞ ይመጣል፤ ኩካቡራ የተባለው ወፍ እንደ ሰው እየሳቀ ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ከድንኳኑ አንገቱን ብቅ ያደረገ ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው የባሕር ዛፍ ሽታ ነው። ይህን ሽታ እናቱ ብታሸተው እንጦጦ የቆመች ይመስላታል፤ እውነትም አላት። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን ከማገዶ ችግር ያወጣው ነጭ ባሕር ዛፍ የትውልድ አገሩ ታዝማኒያና ደቡባዊ ቪክቶሪያ ነው። ልጁ እንግዳ ጫካ ውስጥ ያደረ ቢመስልም እናቱ ያደገችበትን አየር እየሳበ ነው። የሚነግረው ሰው ከሌለ ግን አያውቀውም።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሁሉም ይነሣል። ስሊፒንግ ባጉን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፤ ጫማውን ከማጥለቁ በፊት ገልብጦ ያራግፋል፤ ሸረሪት አድራበት ይሆናልና። በሰሌዳ ላይ የየጓዱ የሥራ ተራ ተጽፏል፤ ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያበስል፣ ሳህን የሚያጥብ፣ መጸዳጃውን የሚጠርግ። ጓዱ ስድስት ወይም ሰባት ወይም ስምንት ልጅ ነው፤ ወንዶችም ሴቶችም ይኖሩበታል። መሪዋ ምናልባት የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ትእዛዝ የምትሰጠውም ቀድማ ራሷ እየሠራች ነው። በሰፈር ውስጥ ማንም «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ለማለት አይችልም፤ ውሃ ያልተቀዳ እንደሆነ ሻይ የለም፤ ድስቱ ያልታጠበ እንደሆነ ምሳ የለም። በቤቱ ሳህኑን ከጠረጴዛ አንሥቶ የማያውቅ ልጅ በሦስተኛው ቀን የሰባት ሰው ድስት ፈግፍጎ ያስረክባል።

ከቁርስ በኋላ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ ድንኳኖች ይጎበኛሉ፤ የቀኑም ተግባር ይጀመራል። አንዱ ቀን ካርታና ኮምፓስ ይዞ መንገድ የመፈለግ ነው፤ ሌላው ገመድ የማሰር፣ ታንኳ የመቅዘፍ፣ ለቈሰለ ሰው የመጀመሪያ እርዳታ የመስጠት ነው። የእባብ ንድፊያ የደረሰበት ሰው እንዲራመድ እንደማይደረግ፣ እጅ እግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ በፋሻ ጠበቅ ተደርጎ እንደሚጠቀለል ልጆቹ እርስ በርሳቸው እየጠቀለሉ ይማራሉ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ በጥላ ሥር ይረፋል፤ ባርኔጣና የፀሐይ ክሬም ግዴታ ነው። ማታ እራት ተበልቶ፣ ዕቃ ታጥቦ፣ ፀሐይዋ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ ስትጠልቅ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ይዘምራሉ፤ ጭውውት ያሳያሉ፤ ከመተኛታቸው በፊትም ለጥቂት ጊዜ በጸጥታ ይቆያሉ።

እሳት የሚነደው ግን በተፈቀደ ቀን ብቻ ነው። ቪክቶሪያ የካቲት ወር 2009 ከደረሰው እሳት በኋላ፣ በአንድ ቅዳሜ የተነሣው ቃጠሎ 173 ሰዎችን ከገደለ ወዲህ፣ የእሳትን ነገር እንደ ቀላል የሚያይ ሰው የለም። ሙሉ የእሳት ክልከላ በታወጀ ቀን በጫካ ክብሪት አይጫርም፤ አደጋው እጅግ የከፋ እንደሆነ ሰፈሩ ራሱ ይነሣል። በእንዲህ ያለው ምሽት ልጆቹ በፋኖስ ዙሪያ ተቀምጠው ይዘምራሉ። የፈለጉትን ማጣትና ስለ ሌላው ደኅንነት መታገሥም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው።

ይህን የሰማ የአብነት ተማሪ የነበረ አባት ፈገግ ይላል። እርሱ ይህን ኑሮ ያውቀዋልና። ጎጆውን ራሱ ሠርቷል፤ ውሃ ቀድቷል፤ እንጨት ለቅሟል፤ ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ለምኖ ያገኘውን ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሏል። ከየኔታ ሌላ ታላቁ ተማሪ ታናሹን ያስጠናው ነበር። በአንድነት ገዳም የኖረም እንዲሁ ነው፤ ረድኡ ውሃ ይቀዳል፤ ማኅበሩ ሥራን ተከፋፍሎ ይሠራል፤ ማዕድ በአንድነት ይቀርባል። አባ ጳኩሚስ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በረሃ መነኮሳትን በማኅበር ሰብስቦ ለጸሎት፣ ለሥራና ለማዕድ ሰዓት ከወሰነ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥርዓት አላቋረጠችም። እርግጥ ነው፣ ልዩነቱ ሰፊ ነው። የቆሎ ተማሪው የሚራበው ለቃለ እግዚአብሔር ነው፤ ስካውቱ ጫካ የወጣው ለጥቂት ቀን ነው፤ ሞባይሉም ቤት ይጠብቀዋል። ነገር ግን እጅን ለአገልግሎት በማለማመድ ሁለቱ ይገናኛሉ። በእርድና የሚተጋ፣ በበዓል ቀን ከማዕድ በኋላ ሳይጠራ ወንበር የሚሰበስብ ወጣት ደብሩ ይፈልጋል፤ የሰፈር ልጅ ይህን ለምዶ ይመጣል።

አሁን ወደ አባትየው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ከድንኳን የወጣ ሰው ልጁን ወደ ድንኳን ሊልክ ይገባዋልን? መጽሐፍ ቅዱስ ለዚህ ጥያቄ የቀረበ ታሪክ አለው። እስራኤል ከግብፅ ወጥተው 40 ዓመት በምድረ በዳ በድንኳን ኖሩ፤ በየነገዳቸውና በየዓላማቸው ሥር ሰፈሩ። በኋላ ርስት ወርሰው ቤት ሠርተው ሲቀመጡ ልጆቻቸው ያንን መከራ አላዩትም። እግዚአብሔርም በኦሪት ዘሌዋውያን በ23ኛው ምዕራፍ የዳስ በዓልን አዘዘ። ቤት ያላቸው ሰዎች በየዓመቱ 7 ቀን ከቤታቸው ወጥተው በዳስ ይቀመጣሉ፤ ምክንያቱም የልጅ ልጆቻቸው አባቶቻቸው በዳስ እንደ ኖሩ እንዲያውቁ ነው። ትእዛዙ የተሰጠው ለተራቡት ሳይሆን ለጠገቡት፣ ለስደተኞቹ ሳይሆን ቤት ለሠሩት ነው። ወላጅ የሸሸውን መከራ ልጅ እንዲደግመው አልተፈለገም፤ ጥላውን አይቶ እንዲጠይቅና እንዲያመሰግን ተፈለገ እንጂ።

ስለዚህ ልጁ ሻንጣውን በሚያዘጋጅበት ምሽት አባቱ አጠገቡ ቢቀመጥ መልካም ነው። የሚታጠፈውን ድንኳን እያየ፣ የእርሱ ድንኳን ምን ይመስል እንደ ነበረ፣ ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሆነ፣ ውሃው ከየት ይቀዳ እንደ ነበረ፣ ማን እንደረዳው ይንገረው። ብዙ ልጆች ይህን ታሪክ በወላጆቻቸው አፍ ሰምተውት አያውቁም፤ ወላጆችም ከየት እንደሚጀምሩት አያውቁም። የሰፈሩ ዝግጅት መጀመሪያ ይሆናቸዋል። እናትም ልጇ «ስሊፒንግ ባግ ይበቃኛል» ቢላትም ጋቢ ትጨምርለት፤ የጫካ ሌሊት በበጋም ይበርዳልና።

ከዳሱ በዓል ይልቅ ለኢትዮጵያዊ የሚቀርበው ደግሞ ከተራ ነው። ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከመንበራቸው ወጥተው፣ በካህናትና በሕዝብ ታጅበው ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርደው በድንኳን ያድራሉ። ሕዝቡም በሜዳው ላይ ሲዘምር ያድራል። በዓመት አንድ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ራሷ በድንኳን ታድራለች ማለት ነው። ወሩም የአውስትራሊያ ልጆች በሰፈር የሚሆኑበት ወር ነው። ውጭ አድሮ የማያውቅ ልጅ የከተራን ታሪክ ሲሰማ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ይሰማዋል። ሌሊቱን በሸራ ሥር ያደረ፣ የጤዛውን ቅዝቃዜ ያወቀ፣ ንጋትን የናፈቀ ልጅ ግን ከታቦቱ ጋር ማደር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ የጾሙና የገናው ጥያቄ አለ፤ እርሱንም ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። በአገር ቤት ረጅሙ የትምህርት ዕረፍት የሚውለው በክረምት ነው፤ በፍልሰታ ካልሆነ በቀር ልጅን ከጾም ጋር አያጋጨውም። በሜልበርን ወቅቱ ተገላብጦ ረጅሙ ዕረፍት ከታኅሣሥ እስከ ጥር ይሆናል። ጾመ ነቢያት፣ ልደትና ጥምቀት በዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። የአውስትራሊያ ስካውቶች ታላቁ አገር አቀፍ ጉባኤም አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ መጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ልደት የሚከበረውም ጃንዋሪ 7 ቀን ነው።

ስለ ጾሙ የዳንኤልን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። በባቢሎን ቤተ መንግሥት ከባልንጀሮቹ ጋር የንጉሥ ማዕድ በቀረበለት ጊዜ ዳንኤል አልተሳደበም፤ ገበታም አልገለበጠም። አለቃውን በትሕትና ለመነ፤ 10 ቀን አትክልትና ውሃ ብቻ እንዲሰጣቸውና ፊታቸውን አይቶ እንዲፈርድ ጠየቀ። የልጅ ሰፈርም ከዚያ ቀን ቁጥር ብዙ አይርቅም። ቅጹ ላይ ስለ ምግብ የሚጠይቅ ቦታ አለ፤ ወላጅ ባዶ ሊተወው አይገባም። «ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበላም፤ ምክንያቱ ጾም ነው» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። «ቪጋን» የሚለው ቃል ለአብሳዩ ቶሎ ይገባዋል፤ ለልጁ ግን ምክንያቱ እንዲጠፋበት አያስፈልግም። ጠያቂ ቢመጣበት «እኛ ገናን የምንቀበለው እንዲህ ነው» ብሎ የሚመልስ ልጅ አያፍርም።

ስንቅም ቢሆን ከአባቶች የተወረሰ አለ። ስካውቶች የሚፈልጉት ምግብ ቀላል፣ የማይበላሽ፣ በትንሽ ጋዝ ምድጃ ቶሎ የሚበስል ነው። ሽሮ እንዲህ ያለ ምግብ ነው። በሶም በውሃ ብቻ ይበጠበጣል፤ ዘማቹም ተሳላሚውም ተራራ የወጡት በእርሱ ነው። ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይያዛሉ፤ ለውዝ ግን በሰፈሩ የተከለከለ ሊሆን ስለሚችል አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። አውስትራሊያውያን በፍም ላይ የሚጋግሩት ዳምፐር የተባለ ዳቦ አለ፤ ወተትና ቅቤ ካልገባበት ዱቄት፣ ውሃና ጨው ነው። ብርኩታ ጋግረው መንገድ የሄዱ አያቶች ቢያዩት ዘመድ ያገኙ ይመስላቸዋል። ልጁ አንድ ማታ ለጓዱ ሁሉ ሽሮ ቢሠራ ጾሙን ከመጠበቅ አልፎ እንግዳ ይቀበልበታል።

እስከ ስንት ሰዓት መጾም እንዳለበት፣ በሙቀት ረጅም መንገድ በሚሄድበት ቀን ምን ማድረግ እንደሚገባው የሚወስነው የንስሐ አባቱ ነው። ውሃ መጠጣትን በተመለከተ ግን የሰፈሩን መሪዎች ትእዛዝ ይጠብቅ፤ በበጋ ጫካ ውስጥ ውሃ ያጣ ልጅ ራሱን ብቻ ሳይሆን ጓዱንም ለአደጋ ይዳርጋል። ከመሄዱ በፊት ካህኑን አግኝቶ መስቀል ተሳልሞ ቢሄድ ሁለቱም ነገር በአንድ ጊዜ ይፈጸማል።

ጸሎትም አይታጎልበትም። ኮምፓስ ማንበብ የተማረ ልጅ ምሥራቅን ያገኛል፤ ከሌሎች ቀደም ብሎ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ ሊጸልይ ይችላል። ሌሊትም በአውስትራሊያ ሰማይ የደቡብ መስቀል የሚባሉትን ከዋክብት አይቶ አቅጣጫ መለየትን ይማራል። የስካውት ቃል ኪዳንም ለአምላክ የሚገባውን ግዴታ ለመፈጸም ቃል የሚገባበት አማራጭ አለው፤ ክርስቲያን ልጅ ይህን ሲናገር የሚያፍርበት ነገር የለም።

ገና ግን ከጾሙ የተለየ ጉዳይ ነው። ጾም በየትም ሊጾም ይችላል፤ ቅዳሴ ግን በየትም አይቀደስም። ሰፈሩ እንደ ጌምብሩክ ቅርብ ከሆነ ወላጅ ለመሪዎቹ አስቀድሞ ነግሮ ልጁን በበዓሉ ዋዜማ ማታ ወስዶ፣ ከቅዳሴ በኋላ አስፈስኮ ሊመልሰው ይችላል። ይህ በጊዜ ሲጠየቅ የሚቻል ነው። ሰፈሩ ሩቅ ክፍለ ግዛት ሆኖ በልደት ቀን ላይ የሚውል ከሆነ ግን ምርጫው ከባድ ነው፤ ዋጋም ያስከፍላል። ልጁ ከጓደኞቹ ቢቀር ያዝናል፤ ቢሄድም የልደትን ሌሊት ያጣል። ስካውት በዓመቱ ውስጥ ብዙ ሰፈር አለው፤ ልደት ግን በዓመት አንድ ቀን ነው። ስለዚህ ልጁ ለሌላው ሰፈር ቢሄድና በልደት ከቤተሰቡ ጋር ቢቆም ይሻላል። ይህን ውሳኔ ልጁ በመጨረሻው ሳምንት በቁጣ እንዳይሰማው፣ በዓመቱ መጀመሪያ ካላንደሩ ተዘርግቶ ከእርሱ ጋር ይመከርበት። የተከለከለ ልጅ ይሸሻል፤ የተመከረ ልጅ ግን በኋላ ለራሱ ልጆች ይመክራል።

ስለ ደኅንነትም ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው። በቪክቶሪያ ከሕፃናት ጋር የሚሠራ አዋቂ የመንግሥት ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል። ማን አብሯቸው እንደሚያድር፣ ወንዶችና ሴቶች በየት እንደሚተኙ፣ የአስም መድኃኒት በማን እጅ እንደሚሆን፣ ልጅ ቢታመም ለማን እንደሚደወል ሊጠየቅ ይገባል። እንግሊዝኛ አይበቃኝም ብሎ ዝም ያለ ወላጅ ልጁን ራሱ አስተርጓሚ ከማድረግ ይልቅ ከደብሩ ወጣቶች አንዱን ይዞ ቢሄድ የተሻለ ነው።

በመጨረሻ፣ ደብሩ ራሱስ ምን ሊያደርግ ይችላል? ቤተ ክርስቲያንና ስካውት በሌላ አገር ሲገናኙ ታይተዋል። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌም የተሳለሙ ምእመናን በቀዳም ሥዑር የአገሩ ኦርቶዶክሳውያን ስካውቶች ከበሮ እየመቱ ወደ ጎልጎታ ሲያልፉ አይተዋል። በግብፅም የቅብጥ አብያተ ክርስቲያናት የራሳቸው የስካውት ቡድኖች አሏቸው። የሜልበርን ደብርም እስከዚያ ባይደርስ እንኳ በትንሹ ሊጀምር ይችላል። በቪክቶሪያ የመስፈሪያ ቦታዎች ለማኅበራት ይከራያሉ። ከልደት በኋላ ከከተራ በፊት፣ ረጅም ጾም በማይጋፋበት ሳምንት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት በአንድነት ቢያድሩ ወጪው ብዙ አይሆንም።

የዚያ ሰፈር ቀን ከላይ የተነገረውን ይመስላል፤ የሚጨመርበትም አለ። ጠዋት በካህኑ መሪነት ጸሎት ይደረጋል። የሥራው ተራ በአማርኛ ይጻፋል፤ ድስትም ጭልፋም ማገዶም በአማርኛ ይጠራሉ፤ በመማሪያ ክፍል ያልያዘውን ቃል ልጅ እጁ ላይ ሲይዘው አይረሳውም። በስካውት ልምድ ያላቸው የደብሩ ወጣቶች ድንኳን መትከልን ያስተምራሉ፤ ያን ጊዜ ልጅ ለአባቱ አስተማሪ ይሆናል። ማታ ደግሞ ተራው የአባቶችና የእናቶች ነው። አንዱ የየኔታን ጎጆ፣ ሌላዋ የሱዳንን መንገድ፣ ሌላው የጃንሜዳን ከተራ ይናገራሉ። እሳት የተከለከለ ቀን ቢሆንም ፋኖስ ይበቃል።

ሰፈር የሚለው ቃል በቀድሞው አማርኛ መንገደኛና ጦር ድንኳን ተክሎ የሚያርፍበት ቦታ ነበረ። አዲስ አበባ ራሷ ከመኳንንቱና ከጭፍሮቻቸው ሰፈር ተነሥታ ከተማ ሆናለች። የዚህ ደብር መሥራቾችም ወደዚህ ከተማ ሲመጡ መንገደኞች ነበሩ፤ ዛሬ ልጆቻቸው በተሠራ ቤት ይኖራሉ። ኅዳር ገብቶ ቅጹ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ እንግዲህ ቤቱ ጸጥ አይበል። እናት ስለ ጾሙ ትጻፍበት፤ አባት ካላንደሩን ይመልከት፤ ልጁም ቁጭ ብሎ ይስማ፤ ከዚያም ይፈረምለት።

የአባቶቻችን የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ፣ በድንኳን ለኖሩት የቀረበ እርሱ፣ በየጫካውና በየሜዳው የሚያድሩትን የዚህን ደብር ልጆች ይጠብቅልን፤ በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልስልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።